ዴንማርክ ዶንግን ስትሸጥ ገንዘቡ የት ገባ?

ጃንዋሪ 30 ቀን 2014 ጠዋት የዴንማርክ ጥምር መንግሥት ተሰነጠቀ። (ዘመኖቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የሶሻሊስት ሕዝብ ፓርቲ ሚኒስትሮቹን ሰብስቦ ከካቢኔው ወጣ፤ የፓርቲው ሊቀ መንበር አኔተ ቪልሄልምሰንም ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ያጣላቸው ጦርነት ወይም ምርጫ አልነበረም። መንግሥት ከኃይል ኩባንያው ከዶንግ ላይ ድርሻ ቆርሶ ጎልድማን ሳክስ ለተባለው የአሜሪካ ባንክ ሊሰጥ ነው መባሉ ነው።

ዶንግ በ1972 የተፈጥሮ ጋዝ እንዲያቀርብ በመንግሥት የተቋቋመ ድርጅት ነው። በ2006 ከሌሎች አምስት የኃይል ድርጅቶች ጋር ሲዋሃድ የድንጋይ ከሰል ማመንጫዎችን ወረሰ። ከዚያው ጋር ቪንደቢን አገኘ። ቪንደቢ በ1991 ከሎላንድ ደሴት ዳርቻ ጥልቀት በሌለው ባሕር ላይ የተተከሉ 11 የነፋስ ተርባይኖች ነበሩ፤ በዓለም የመጀመሪያው የባሕር ላይ የነፋስ ኃይል ማመንጫ። የአሥራ አንዱ ጉልበት ተደምሮ 5 ሜጋ ዋት ብቻ ነበር። ዛሬ ባሕር ላይ የሚተከለው አንድ ተርባይን ለብቻው ከዚያ በላይ ያመነጫል።

ኩባንያው በ2009 ፊቱን ከከሰል ወደ ነፋስ እንደሚያዞር አስታወቀ። ችግሩ ገንዘብ ነበር። ባሕር ላይ የሚሠራ ማመንጫ ወጪው በሙሉ ማለት ይቻላል ገና ሲጀመር ነው የሚፈስሰው፤ ነዳጅ አይገዛለትም፣ ገቢውም የሚመጣው ከዓመታት በኋላ ነው። በዚያው ሰሞን የጋዝ ንግዱ ከሰረ፣ ዕዳው አበጠ፣ አበዳሪዎችም ፊታቸውን አጠቆሩ። ከ80 በመቶ በላይ ድርሻ የነበረው መንግሥት ከካዝናው ሊጨምር አልፈለገም። የገንዘብ ሚኒስትሩ ቢያርን ኮሪዶን ባለሀብት ፈልገው 11 ቢሊዮን የዴንማርክ ክሮነር አመጡ። ስምንቱ የጎልድማን ሳክስ ነው፤ የቀረው ኤቲፒ እና ፒኤፍኤ ከሚባሉ የአገር ውስጥ የጡረታ ተቋማት መጣ። ጎልድማን በስምንት ቢሊዮኑ 18 በመቶ ገደማ ያዘ።

ሕዝቡ ተቆጣ። አምስት ሚሊዮን ተኩል ገደማ ነዋሪ ባላት አገር 200 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች ሽያጩን ተቃውመው ፈረሙ። የ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ ገና ከሰው አእምሮ አልወጣም፣ የጎልድማን ስም ብቻውን ያስቆጣ ነበር። ድርሻው በሉክሰምበርግ በኩል መያዙ ደግሞ ቀረጥ ለመሸሽ ነው አሰኘ። እኔን ግን ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚገርመኝ ውሉ ነው፦ ጎልድማን አናሳ ባለድርሻ ሆኖ ሳለ በዋና ዋና ውሳኔዎች ላይ ድምፅ የመሻር መብት፣ ኩባንያው አክሲዮን ገበያ ሳይገባ ከቀረ ደግሞ ከድርሻው ከፊሉን መልሶ ለመንግሥት የመሸጥ መብት አገኘ። ኪሳራው ላይ አጥር፣ ትርፉ ላይ ክፍት በር! እንዲህ ያለ ውል የሚፈርመው የቸገረው ሻጭ ነው።

ዋጋውም ይህንኑ ይመሰክራል። ባለሀብቶቹ ሲገቡ ኩባንያው ከአዲሱ ገንዘብ በፊት 31.5 ቢሊዮን ክሮነር ተገመተ። ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ፣ ጁን 2016፣ አንዱ አክሲዮን በ235 ክሮነር ለሕዝብ ሲቀርብ የኩባንያው ዋጋ 98 ቢሊዮን ሆነ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላል የኛ ሰው፤ የዴንማርክ መንግሥት ግን ያፈሰሰውን አልለቀመም። የጎልድማን ገንዘብ ከእጥፍ በላይ ሆነ፣ ባንኩም በ2017 የቀረውን ሸጦ ወጣ።

በክርክሩ ጩኸት ውስጥ የተረሳ አንድ ነገር አለ። «የመንግሥትን ንብረት ሸጠን አረንጓዴ ቴክኖሎጂ እንገነባለን» ሲባል ገንዘቡ የት እንደሚገባ መጠየቅ ያስፈልጋል። በ2014 የተሸጠው አዲስ አክሲዮን ስለነበር 11 ቢሊዮኑ በቀጥታ ኩባንያው ካዝና ገብቶ ተርባይን ሆኗል። በ2016 የተሸጠው ግን ነባር አክሲዮን ነው፤ ገንዘቡን የወሰዱት ሻጮቹ፣ ማለትም መንግሥትና ሌሎቹ ባለድርሻዎች ናቸው። ከዚያ ሽያጭ ኩባንያው ሰባራ ሳንቲም አላገኘም። ለነፋሱ ተጨማሪ ገንዘብ ያመጣው ኩባንያው ራሱ የገዛ ንብረቱን መሸጡ ነው፦ በ2017 የነዳጅና የጋዝ ክፍሉን ኢኒዮስ ለተባለ ኩባንያ በአንድ ቢሊዮን ዶላር ገደማ፣ በ2019 ደግሞ የኮፐንሃገን አካባቢን የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ መረብ ከነደንበኞቹ በ21.3 ቢሊዮን ክሮነር። የመረቡን ሽያጭ ፖለቲከኞች አንድ ጊዜ አስቁመውት ነበር፤ ሽቦ እንደ ጋዝ ጉድጓድ አይደለም፣ እያንዳንዱ ቤት ይገባል።

ውጤቱን መካድ አይቻልም። ኩባንያው በ2017 ስሙን ለውጦ በሳይንቲስቱ ሃንስ ክርስቲያን ኦርስቴድ ስም ተጠራ፤ የመጨረሻውን የከሰል ማመንጫውን በ2024 ዘጋ፤ በእንግሊዝ ባሕር ላይ ሆርንሲ 1 የተባለ ከ1,200 ሜጋ ዋት በላይ የሆነ ማመንጫ ሠራ። ዴንማርክ በነፋስ ያገኘችው ዕውቀትና ዝና እኛም ዘንድ ደርሷል፦ በአርሲ ኢተያ አካባቢ የሚገኘው 100 ሜጋ ዋት የአሰላ የነፋስ ኃይል ማመንጫ በዴንማርክ መንግሥት ድጋፍ የተገነባ ነው፤ ከኦርስቴድ ጋር ግን ግንኙነት የለውም።

ከዚያ ነፋሱ ዞረ። ወለድ ጨመረ፣ የዕቃ ዋጋ ናረ፣ በ2023 ኩባንያው በኒው ጀርሲ ባሕር የጀመራቸውን ሁለት ፕሮጀክቶች ትቶ በቢሊዮን የሚቆጠር ኪሳራ መዘገበ። በኦገስት 2025 የ60 ቢሊዮን ክሮነር አዲስ አክሲዮን እንደሚሸጥ ባስታወቀ በሁለተኛው ሳምንት፣ የአሜሪካ መንግሥት ሥራው 80 በመቶ ደርሶ የነበረውን ሬቮሉሽን ዊንድ የተባለ ማመንጫ አስቆመበት። ፍርድ ቤት እገዳውን ያነሳው ከወር በኋላ ነው።

የዴንማርክ መንግሥት 50.1 በመቶ ድርሻውን ይዞ ቆይቷል። ይህን ላለማጣት ከ60 ቢሊዮኑ ግማሹን፣ 30 ቢሊዮን ክሮነር ያህል፣ ከግብር ከፋዩ ገንዘብ ማውጣት ነበረበት። በ2014 ከካዝናው ላለማውጣት ብሎ ከውጭ ያስመጣው 11 ቢሊዮን ነበር።