ኮዴይን ለምን ታገደ? የኢንዛይም ፍጥነት በሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ምሳሌ

ለሳልና ለሕመም ማስታገሻነት ለረጅም ጊዜ ሲሰጥ የኖረ ኮዴይን የሚባል መድኃኒት አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 የአገራችን የምግብ፣ የመድኃኒትና የጤና ክብካቤ አስተዳደርና ቁጥጥር ባለሥልጣን ኮዴይን ያለባቸው መድኃኒቶች ጥቅም ላይ እንዳይውሉ አገደ። እገዳው የመጣው መድኃኒቱ ስለተበላሸ ወይም አስመስለው ስለሠሩት አይደለም። የብዙ ኢትዮጵያውያን ጉበት ኮዴይንን ከተለመደው በላይ በፍጥነት ስለሚለውጠው ነው።

እዚህ ላይ «በፍጥነት» የሚለው ቃል ማብራሪያ ይፈልጋል። የሥነ ሕይወት ተማሪዎች የኢንዛይም ፍጥነትን ቀመር ለፈተና ይሸመድዱታል። ሳስተምር እንዳየሁት ግን ቀመሩን ከሚያውቁት መካከል ትርጉሙን የሚያውቁት ጥቂት ናቸው።

ኢንዛይም በሰውነታችን ውስጥ ኬሚካዊ ለውጥን የሚያፋጥን ፕሮቲን ነው። የሚሠራበት ነገር ሰብስትሬት ይባላል። ኮዴይን ሰብስትሬት ነው፤ ኢንዛይሙ ደግሞ ሲዋይፒ-2ዲ6 ይባላል፤ ዋና ቦታውም ጉበት ነው። ኮዴይን በራሱ ደካማ መድኃኒት ነው። ከምንውጠው ውስጥ ከ5 እስከ 10 በመቶ የሚሆነውን ይህ ኢንዛይም ወደ ሞርፊን ይለውጠዋል። ሕመሙን የሚያስታግሰው በዋናነት ይህ ሞርፊን ነው፤ ሲበዛ ትንፋሽን የሚያዳክመውም እሱው ነው።

አሁን ወደ ጉለሌ፣ ወደ ሽሮ ሜዳ እንሂድ። አንድ ግቢ ውስጥ 10 ሸማኔዎች አሉ እንበል። እያንዳንዱ ሥራ ሳይፈታ ከዋለ በቀን አንድ ነጠላ ያወጣል። ክሩን ግን የሚያቀብላቸው ሰው የለም፤ ልቃቂቱ በግቢው ተበታትኗል፣ ሸማኔው ራሱ ፈልጎ ማንሳት አለበት። ልቃቂቱ ጥቂት ከሆነ ቀኑ በፍለጋ ያልቃል። ልቃቂቱ ሲበዛ ፍለጋው ያጥራል፣ የሚወጣው ነጠላም ይጨምራል። ይሁን እንጂ ግቢው በክር ቢሞላ እንኳ ከ10 ነጠላ በላይ አይወጣም፤ እጅ ሁሉ ተይዟል። ይህ ጣሪያ ከፍተኛው ፍጥነት ነው፤ በመጽሐፍ ቪማክስ ይባላል።

ሁለተኛው ቁጥር ኬኤም ነው። ግቢው የጣሪያውን ግማሽ፣ ማለትም 5 ነጠላ፣ እንዲያወጣ ስንት ልቃቂት ያስፈልጋል? መልሱ 40 ነው እንበል፤ ኬኤም 40 ሆነ ማለት ነው። ቀመሩ እንዲህ ይነበባል፦ ቪማክስን በሰብስትሬቱ መጠን አባዛ፣ የተገኘውን ለኬኤምና ለሰብስትሬቱ መጠን ድምር አካፍል። 40 ልቃቂት ሲኖር 5 ነጠላ ይወጣል። 120 ሲሆን 7 ተኩል፣ 360 ሲሆን 9። ልቃቂቱ ከ40 ወደ 360፣ ዘጠኝ እጥፍ አድጎ ሥራው እጥፍ እንኳ አልሞላም። ይህን ቀመር እ.ኤ.አ. በ1913 በርሊን ላይ ያሳተሙት ሊዮኖር ሚካኤሊስና ካናዳዊቷ ሐኪም ሞድ ሜንተን ናቸው። የሠሩበት ኢንዛይም ስኳርን የሚከፍል ነበር።

መምህራን «አፊኒቲ» የሚሉት፣ እኛ ቁርኝት ልንለው የምንችለው፣ ከኬኤም ጋር የተያያዘ ነው። ዓይኑ የተሳለና እጁ የፈጠነ ሸማኔ በጥቂት ልቃቂትም ግማሽ ጣሪያውን ይደርሳል፤ ኬኤሙ ትንሽ ነው፣ ቁርኝቱ ጠንካራ ነው። ዓይኑ የደከመ ሸማኔ ደግሞ 120 ልቃቂት ሊያስፈልገው ይችላል፤ ኬኤሙ ትልቅ፣ ቁርኝቱ ደካማ። ተማሪዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው፤ ኬኤም ሲያድግ ቁርኝት ያደገ ይመስላቸዋል። ለጥንቃቄ ያህል፣ ኬኤም ሁልጊዜ የቁርኝት ትክክለኛ ልክ አይደለም፤ ሽመናው ራሱ የሚወስደው ጊዜም በውስጡ አለበት። ለመግቢያ ግን ይበቃል።

እንግዲህ አንድ ግቢ ከሌላው የሚፈጥንበት ምክንያት ሁለት ነው፦ የሸማኔው ብዛት ወይም የሸማኔው ዓይን። የኢትዮጵያውያን ጉዳይ የትኛው ነው?

መልሱን ያገኙት በስዊድን የካሮሊንስካ ተመራማሪ የሆኑት ኢትዮጵያዊቷ እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቻቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጡት ጥናት፣ ከመረመሯቸው ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው የሲዋይፒ-2ዲ6 ጂን ተደራራቢ ቅጂ ይዘው ተገኙ። አብዛኛው ሰው ከአባት አንድ፣ ከእናት አንድ ይወርሳል፤ እነዚህ ግን ሦስት፣ አራት፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ አለው። በስዊድናውያን ዘንድ ይህ ከ100 ሰው በአንድ ወይም በሁለት የሚታይ ነገር ነው። በሳዑዲ ዓረቦች ላይ በ1997 የወጣ ጥናት ደግሞ ከአምስት ሰው አንዱን የሚያህል አግኝቷል።

ቅጂ ሲበዛ ኢንዛይሙ ይበዛል። ሸማኔው ያው ሸማኔ ነው፤ ኬኤሙ አልተለወጠም፤ ቁጥሩ ግን 10 የነበረው 20 ሆነ። «ክሩ ጥቂት ከሆነ ሸማኔ ቢበዛ ምን ይጠቅማል?» የሚል ይኖራል። ቀመሩ ግን ሌላ ይላል። 4 ልቃቂት ብቻ ሲኖር 10 ሸማኔ በቀን 0.9 ነጠላ በሚያወጣ ፍጥነት ይሠራል፤ 20 ሸማኔ 1.8። ፈላጊ ሲበዛ ክሩ ቶሎ ይገኛል። ኮዴይን በደም ውስጥ የሚኖረው ከኬኤሙ እጅግ ባነሰ መጠን ነው። ስለዚህ መጠነኛ ኪኒን የወሰደም ሰው ልዩነቱ ይነካዋል።

ተቃራኒውም አለ። ስታር 17 የሚባለው የዚሁ ጂን ዓይነት በአፍሪካውያን ዘንድ የተለመደ ነው፣ በኢትዮጵያውያንም ተገኝቷል። ይህ የኢንዛይሙን ቅርጽ ይለውጠዋል፤ በቤተ ሙከራ ሲለካ ለኮዴይን ያለው ኬኤም ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ዓይኑ የደከመው ሸማኔ ይህ ነው። እንግዲህ ሦስት ጎረቤታሞች አንድ ዓይነት ኪኒን ውጠው አንዱ ሕመሙ ይታገስለታል፣ ሁለተኛው «ምንም አላደረገልኝም» ይላል፣ ሦስተኛው ራሱን ሊስት ይችላል። አንዳቸውም አልዋሹም።

አሜሪካ ውስጥ ቶንሲልን በቀዶ ሕክምና ያስወጡ ሕፃናት ኮዴይን ተሰጥቷቸው ከሞቱ በኋላ የመድኃኒት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት በ2013 ብርቱ ማስጠንቀቂያ አወጣ፤ በ2017 ደግሞ ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ፈጽሞ እንዳይሰጥ ወሰነ። ለሚያጠቡ እናቶችም ኮዴይንና ትራማዶል አይመከርም። ትራማዶልን ወደ ብርቱ ቅርጹ የሚለውጠው ይኸው ኢንዛይም ነው፤ ትራማዶል ደግሞ በከተማችን እንግዳ ስም አይደለም።

እሌኒና ባልደረቦቻቸው በ2002 ሌላ አስገራሚ ነገር አሳዩ። ኢትዮጵያ ውስጥ የሚኖሩና ስዊድን የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን ሲያነጻጽሩ፣ ጂናቸው ተመሳሳይ ሆኖ ሳለ አገር ቤት ያሉት ኢንዛይም ቀሰስ ያለ ሆኖ ተገኘ። በዙሪያችን፣ ምናልባትም በምንበላው ወይም በምንጠጣው ውስጥ፣ ኢንዛይሙን የሚያዘገይ ነገር አለ ማለት ነው።

ከእነዚህ ነገሮች አንዱ በ2015 ታውቋል፤ ጫት ነው። በጎ ፈቃደኛ ኢትዮጵያውያን መጀመሪያ ጫት ሳይቅሙ፣ በኋላም ቅመው በዚህ ኢንዛይም የሚለወጥ የሳል መድኃኒት ተሰጣቸው። ጫት ሲቅሙ ኢንዛይሙ ተዳክሞ ታየ። በምሳሌያችን፣ ሸማኔውን የሚያስፈታ ባዕድ ነገር ግቢው ገብቷል። ባዕዱ የክሩን ቦታ እየተሻማ የሚያዘገይ ከሆነ ኬኤምን ያሳድጋል፤ ሸማኔውን ጨርሶ ከሥራ የሚያስወጣ ከሆነ ቪማክስን ይቀንሳል። ስለ ጫት ብይን ዑለማዎቻችን የሚሉትን እዚህ አልደግምም፤ ይህ የመድኃኒት ጉዳይ ነውና ለሚቅመውም ለማይቅመውም እኩል ያገለግላል።

ኮዴይን ወደ ብርቱ ነገር ይለወጣል ብለናል። ሁሉም መድኃኒት ግን እንዲያ አይደለም። ለድብርትና ለነርቭ ሕመም የሚሰጠው አሚትሪፕቲሊን፣ ለአእምሮ ሕመም የሚሰጠው ሃሎፔሪዶል፣ ለልብና ለደም ግፊት የሚሰጠው ሜቶፕሮሎል በዚሁ ኢንዛይም የሚሠራባቸው ተዳክመው እንዲወገዱ ነው። እዚህ ሒሳቡ ይገለበጣል፦ ተደራራቢ ቅጂ ያለው ሰው መድኃኒቱ ቶሎ ስለሚያልቅበት ላይሠራለት ይችላል፤ ኢንዛይሙ የተዳከመበት ደግሞ መድኃኒቱ በሰውነቱ ይከማችበታል። የጂን ምርመራ በየጤና ጣቢያው አይገኝም። ሐኪሙ ወይም ፋርማሲስቱ ሊያውቅ የሚችለው በሽተኛው ወይም ቤተሰቡ ሲነግረው ነው፦ ከዚህ በፊት የትኛው መድኃኒት ከመጠን በላይ እንዳደከመው፣ የትኛው ምንም እንዳላደረገለት፣ ጫት ይቅም እንደሆነ፣ በቅርቡ ጀምሮ ወይም አቁሞ እንደሆነ። የታዘዘ መድኃኒትን ግን ሳያማክሩ ማቆምም ሆነ መጠኑን መቀየር አይገባም፤ በተለይ የአእምሮ ሕመም መድኃኒትን።