የአራስ እግርና የሚረጋው ደም

ደም ከቁስል ሲፈስ የማይረጋ ቢሆን ኖሮ፥ እሾህ የወጋው ሕፃን ሁሉ ደሙ ፈስሶ ባለቀ ነበር። በሥሩ ውስጥ ያለ ቦታው ቢረጋ ደግሞ መተላለፊያውን ዘግቶ ይገድላል። ይህ ሚዛን በወንድና በሴት አካል አንድ ዓይነት አለመሆኑን ብዙ ሰው ስለማያውቅ፥ አራስ ለሚያርሱ ቤተሰቦች ይጠቅም ዘንድ ጥቂት እንጽፋለን።

ሆርሞን ማለት ዕጢዎች ሠርተው በደም በኩል የሚልኩት መልእክተኛ ነው፤ ስሙን በ1905 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ያወጣለት እንግሊዛዊው ሊቅ ኧርነስት ስታርሊንግ ነው። ኤስትሮጅን የተባለው የሴት ሆርሞን፥ ጉበት ደም አርጊ የሆኑትን ነገሮች አብዝቶ እንዲሠራ ያደርጋል፤ መርጋትን የሚከለክለውን ፕሮቲን ኤስ የተባለውን ግን ያሳንሳል። በእርግዝና ጊዜ ይህ ሆርሞን እጅግ ይበዛል። ለረጋ ደም እንደ ድርና ማግ የሚሆነው ፋይብሪኖጅን፥ አስቀድሞ በአንድ ሊትር የደም ውኃ ውስጥ ከ2 እስከ 4 ግራም የነበረው፥ በመውለጃዋ ወራት ከ4 እስከ 6 ግራም ይደርሳል። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም፤ የእንግዴ ልጁ ሲላቀቅ የሚከፈተው ቁስል ቶሎ ካልተደፈነ እናቲቱ ደም ፈስሷት ትሞታለችና።

ይሁን እንጂ ለመዳን የተሰጠው ይኸው ኃይል አንዳንድ ጊዜ በእግር ደም መልስ ውስጥ ደሙን ያረጋዋል፤ የረጋውም ደም ተቆርሶ ወደ ሳንባ ሲሄድ በድንገት ይገድላል። አደጋው የሚበረታው ከወለደች በኋላ ባሉት ስድስት ሳምንታት ነው፤ ይህም ወንድ ልጅ ለክርስትና ከሚጠብቀው 40 ቀን እምብዛም አይበልጥም። አራስን ከአልጋ እንዳትነሣ የሚያደርገው ልማዳችን ዕረፍት መስጠቱ መልካም ነው፤ ገንፎውና አጥሚቱም አይቅር። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ የተዘረጋ እግር ደሙ ይዘገያል። ስለዚህ ሐኪም ካልከለከላት በቀር በቤት ውስጥ ወዲያና ወዲህ ትበል። አንዱ ባቷ ብቻ ቢያብጥ፥ ቢያማትና ቢሞቅ፥ ወይም ድንገት ትንፋሽ ቢያጥራትና ደረቷን ቢወጋት፥ «ምች ነው» ብሎ በዳማከሴ ማቆየት ታላቅ ስሕተት ነው። በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ትድረስ።

በሆርሞን የተሠራው የወሊድ መከላከያ ኪኒንም ይህንኑ ጠባይ ይዟል። በ1961 ጆርዳን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም፥ ኪኒኑን ትወስድ የነበረች አንዲት ነርስ በሳንባዋ ደም እንደረጋባት ጻፈ። በ1969 የእንግሊዝ የመድኃኒት ተቆጣጣሪዎች የኤስትሮጅኑ መጠን ከ50 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ መከሩ። ደም ረግቶባት የምታውቅ፥ ወይም እናቷ ወይም እኅቷ እንዲህ የሆነባት ሴት፥ ኪኒኑን ከመቀበሏ በፊት ይህን መናገር አለባት።

ወንዶችስ? የልብ ሕመም ሴቶችን ዘግይቶ ስለሚይዝ፥ የሴት ሆርሞን የወንድን ልብ ይጠብቅ ይሆናል ተብሎ በአሜሪካ ልባቸው ለታመመ ወንዶች ተሰጥቶ ነበር። አሳቡ ምንኛ ያማረ ነበር! ነገር ግን ብዙ መጠን በወሰዱት ላይ የልብ ድካም ምት ስለበዛ በ1970፥ ጥቂት የወሰዱትም በ1973 እንዲያቆሙ ተደረገ። ወንድ ያለዚህም ድርሻ አለው፤ በግልጽ በማይታወቅ ምክንያት አንድ ጊዜ ደም የረጋበት ወንድ፥ መድኃኒቱን ሲያቆም ከሴት ይልቅ ሕመሙ ይመለስበታል፤ ስለዚህም ሐኪሙ ደም አቅጥኑን መድኃኒት ለረጅም ጊዜ ሊያዝለት ይችላል።