የዘማቾቹ መንገድ፦ ከቴክሳስ ለቅሶ እስከ ዋሽንግተን ወንበር

በ1949 መጀመሪያ (ቀናቱና ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የአንድ ወታደር አስከሬን ከፊሊፒንስ ወደ አሜሪካ ተመለሰ። ፌሊክስ ሎንጎሪያ ሉዞን ደሴት ላይ ከወደቀ ሦስት ዓመት ተኩል አልፎታል። ባለቤቱ ቢያትሪስ፣ ስሪ ሪቨርስ በምትባለው የቴክሳስ ከተማ አስከሬኑ የሚያርፍበትን የጸሎት አዳራሽ ብትጠይቅ፣ የቀብር አስፈጻሚው ድርጅት ባለቤት «ነጮቹ አይወዱትም» በሚል ከለከላት። ሟቹ ሜክሲኮ-አሜሪካዊ ነበራ! እኛ ዘንድ እድር ለሐዘንተኛ ድንኳን ነፈገ ቢባል ምን ያህል ጉድ እንደሚሆን አንባቢ አይጠፋውም።

ወሬው ኮርፐስ ክሪስቲ ከተማ ድሆችን የሚያክሙ አንድ ሐኪም ጆሮ ደረሰ። ዶክተር ሄክተር ጋርሲያ በ1914 ሜክሲኮ ተወለዱ፤ ቤተሰባቸው አብዮቱን ሸሽቶ ቴክሳስ የገባው ገና ሕፃን ሳሉ ነው። ሕክምና ተማሩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሰሜን አፍሪካና ጣሊያን ዘምተው የነሐስ ኮከብ ሜዳልያ ተሸለሙ። አገር ቤት ሲመለሱ ያዩት ግን አብረዋቸው የዘመቱ ወገኖቻቸው የሕክምናና የትምህርት መብታቸውን ለማግኘት ደጅ ሲጠኑ ነው። በመጋቢት 1948 የአሜሪካ ጂ አይ ፎረም የተባለውን የዘማቾች ማኅበር አቋቋሙ። ስሙ ውስጥ «ሜክሲኮ» የሚል ቃል የለም። ይህ ብልሃት ይመስለኛል፤ ባንዲራና ሜዳልያ ይዞ የመጣን ሰው «አገርህ ግባ» ማለት ይከብዳልና።

ዶክተሩ ለባለሥልጣናት ቴሌግራም አዘነቡ። መልስ ከሰጧቸው አንዱ ሥልጣን ከያዙ ገና ቀናት የሆናቸው ሴናተር ሊንደን ጆንሰን ነበሩ። ሎንጎሪያ የካቲት 16 ቀን 1949 በአርሊንግተን ብሔራዊ መካነ መቃብር በወታደራዊ ክብር ተቀበረ። የዘማቾቹ ማኅበርም በአንድ ጊዜ አገር አወቀው።

የማኅበሩ ቀጣይ ትግል ፍርድ ቤት ነበር። ፒት ኸርናንዴዝ የተባለ ሰው በነፍስ ግድያ ተከሶ ጃክሰን በተባለው የቴክሳስ አውራጃ ተፈረደበት። በዚያ አውራጃ 25 ዓመት ሙሉ አንድም ሜክሲኮ-አሜሪካዊ በዳኝነት ሸንጎ (ጁሪ) ላይ ተቀምጦ አያውቅም። የቴክሳስ ክርክር «ሜክሲኮዎች ነጮች ናቸው፤ ሸንጎውም የነጮች ነው፤ ታዲያ አድልዎው የቱ ላይ ነው?» የሚል ነበር። ለዚህ መልስ የሰጠው የፍርድ ቤቱ የራሱ ግቢ ነው። ግቢው ውስጥ ሁለት የወንዶች መጸዳጃ ቤቶች ነበሩ። አንዱ ምልክት የለውም። በሌላው ላይ «ጥቁር ወንዶች» ተብሎ ተጽፏል፤ ከሥሩም በስፓኒሽ «ወንዶች እዚህ»። ነጭ ናችሁ የተባሉት ሰዎች በየትኛው በር እንዲገቡ እንደተፈለገ ግልጽ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግንቦት 3 ቀን 1954 በሙሉ ድምፅ ለኸርናንዴዝ ወሰነ፤ የጥቁሮችንና የነጮችን ትምህርት ቤት መለያየት የሻረው ዝነኛው ውሳኔ የተሰማው ከዚያ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ነው። ሰውየው እንደገና ተዳኝቶ እንደገና ጥፋተኛ ተባለ። ጠበቆቹ የተሟገቱት ግን ነጻ ነው ብለው ሳይሆን ሸንጎው የሁሉም ይሁን ብለው ነበር።

የ1960ዎቹ ታሪክ የሹመት ታሪክ ነው። ዘማቾቹ «ቪቫ ኬኔዲ» በተባሉ ክበቦች ድምፅ ሰበሰቡ፤ ኬኔዲ የፕሬዚዳንትነቱን ምርጫ ካሸነፉ በኋላ ግን የተጠበቀው ሹመት በጠብታ ነው የመጣው። የሥራ ዕድል እኩልነት ኮሚሽን በ1965 ሲከፈት ከኮሚሽነሮቹ አንድም የእነርሱ ሰው አልነበረም። በመጋቢት 1966 ኮሚሽኑ አልበከርኪ ላይ ስብሰባ ሲጠራ ሃምሳ ያህል የሜክሲኮ-አሜሪካውያን መሪዎች አዳራሹን ጥለው ወጡ። በዓመቱ ጆንሰን፣ አሁን ፕሬዚዳንት ሆነው፣ ቪሴንቴ ሂሜኔዝን ኮሚሽነር አደረጉ። ሂሜኔዝ በጦርነቱ ጊዜ የአየር ኃይል ቦምብ ጣይ የነበሩና የጂ አይ ፎረምን ቅርንጫፍ ኒው ሜክሲኮ ላይ የተከሉ ሰው ናቸው። ጋርሲያም በ1967 በተባበሩት መንግሥታት የአገራቸው ተወካይ ሆነው በስፓኒሽ ንግግር አደረጉ፤ በ1968 ደግሞ የሲቪል መብቶች ኮሚሽን አባል ሆኑ፤ የመጀመሪያው ሜክሲኮ-አሜሪካዊም እርሳቸው ናቸው። ብዙ አልቆዩበትም።

ስለነዚህ ወንበሮች ሲጻፍ ብዙ ጊዜ የሚታለፍ ነገር አለ። የሲቪል መብቶች ኮሚሽን መርምሮ ይመክራል እንጂ አያዝም። የሥራ ዕድል ኮሚሽኑም ቀጣሪን ከሶ ፍርድ ቤት ማቆም የቻለው በ1972 ነው፤ እስከዚያ ሽምግልና ብቻ ነበር። ዘማቾቹ የተሾሙት ጥርስ ያልበቀለበት መሥሪያ ቤት ነው። እኔ ከሹመቱ ይልቅ ሹመቱን ያስገደደውን ማኅበር አደንቃለሁ። በ1975 የምርጫ መብት ሕጉ ተሻሽሎ በብዙ ቦታ የስፓኒሽ ድምፅ መስጫ ሲያስገድድ፣ ከጀርባው ያ ሁሉ ዓመት የተሠራ የመዝገብ፣ የአቤቱታና የክስ ሥራ ነበር። ጋርሲያ በ1984 ከፕሬዚዳንት ሬገን የነጻነት ሜዳልያ ተቀብለው በ1996 አረፉ።

ቨርጂኒያና ዋሽንግተን ያላችሁ አንባቢዎች፣ ከአገር ቤት እንግዳ ሲመጣ አርሊንግተን ወስዳችሁ ጃንሆይ የሸኙትን የኬኔዲን መቃብር ታሳያላችሁ። በሚቀጥለው ጊዜ እግረ መንገዳችሁን የፌሊክስ ሎንጎሪያንም ጠይቁ፤ እዚያው ግቢ ውስጥ ነው።