ብላቴን ማን ይለካው?

ወላይታ በሁለት ትልልቅ ወንዞች መካከል ያለ አገር ነው። ወላይታ ሶዶ የተደገፈችበት የዳሞታ ተራራ ዝናቡን ለሁለት ያካፍላል። በምዕራብ በኩል የሚወርደው ወደ ኦሞ ይገባል፤ በምሥራቅና በደቡብ የሚወርደው ወደ ብላቴና ወደ አባያ ሐይቅ ያመራል። ሁለቱም ወንዞች የዚያው የበልግና የክረምት ዝናብ ልጆች ናቸው። አያያዛቸው ግን አንድ አይደለም። ኦሞ ላይ፣ ወላይታና ዳውሮ በሚዋሰኑበት ሸለቆ፣ 243 ሜትር ከፍታ ያለው የግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ ቆሟል፤ ታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው 1,870 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ ታስቦ ነው። እዚያ የሚገባውና የሚወጣው ውሃ ተቆጥሮ ይታወቃል፤ ሳይታወቅ ተርባይኑን ማዞር አይቻልምና። ብላቴና ከዳሞታ የሚወርዱት ትናንሽ ወንዞች ግን እንዲህ ያለ ጠባቂ የላቸውም። ልዩነቱ ከዕውቀት ወይም ከመሣሪያ እጥረት ብቻ የመጣ አይመስለኝም። ወንዝ ያለማቋረጥ የሚለካው የአንድ ወገን ገንዘብ በቁጥሩ ላይ ሲንጠለጠል ነው፤ የብላቴ ችግርም የገበሬው ኑሮ በውሃው ላይ ቢንጠለጠልም በቁጥሩ ላይ አለመንጠልጠሉ ነው።

ልኬቱ ራሱ ምን እንደሚጠይቅ ማየት ነገሩን ያጠራዋል። በወንዙ ዳር ሴንቲ ሜትር የተጻፈበት ሰሌዳ ይተከላል፤ በአካባቢው የሚኖር አንባቢ ጠዋትና ማታ ውሃው የደረሰበትን ቁጥር መዝገብ ላይ ያሰፍራል። ይህ ከፍታውን ይነግራል እንጂ የውሃውን መጠን አይነግርም። መጠኑን ለማወቅ ባለሙያ መጥቶ የወንዙን ስፋት፣ ጥልቀትና ፍጥነት መለካት አለበት። ለምሳሌ ስፋቱ 8 ሜትር፣ አማካይ ጥልቀቱ ግማሽ ሜትር፣ ፍጥነቱ በሰከንድ 0.6 ሜትር የሆነ ወንዝ በሰከንድ 2,400 ሊትር ያሳልፋል። ለአንድ ሄክታር መስኖ በሰከንድ 1 ሊትር ገደማ ይበቃል የሚለውን የተለመደ ስሌት ብንወስድ፣ ይህ ውሃ አንዲት ጠብታ ለታች ሳይቀር 2,400 ሄክታር ያጠጣል ማለት ነው። ወንዙ በተለያየ ከፍታ ላይ ሳለ እንዲህ ደጋግሞ ከተለካ በኋላ ከፍታን ወደ ፍሰት የሚቀይር ሰንጠረዥ ይዘጋጃል። ከዚያ ወዲያ አንባቢው የጻፋት አንዲት ቁጥር ስንት ሊትር እንደሆነች ከሰንጠረዡ ይታወቃል።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ግን ሰንጠረዡ የሚያረጅ መሆኑ ነው። የአባያ ሐይቅ ቀይ ቡናማ መልክ የያዘው ገባር ወንዞቹ ከደጋው እየጠረጉ በሚያመጡት አፈር ነው። የወንዙን ወለል አንዴ ያ አፈር ሲሞላው አንዴ ጎርፉ ሲጠርገው ይኖራል። ወለሉ 30 ሴንቲ ሜትር በደለል ከተሞላ፣ ሰሌዳው ያንኑ የአምናውን ቁጥር እያሳየ ውሃው ግን ከአምናው ያነሰ ይሆናል። ስሕተቱም ትንሽ አይደለም፤ በሰፊ ወንዝ ጥልቀት እጥፍ ሲሆን ፍሰት ከሦስት እጥፍ በላይ ይጨምራልና። ስለዚህ የመለኪያ ጣቢያ ማለት ሰሌዳው አይደለም። ጣቢያ ማለት በየቀኑ የሚያነብ ሰው፣ ከየክረምቱ በኋላ ተመልሶ የሚለካ ባለሙያና ቁጥሩን ተቀብሎ የሚመረምር መሥሪያ ቤት ነው። ሰሌዳ መትከል የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ሌላው ለዓመታት የሚከፈልበት ነው። የብላቴን ተፋሰስ የሚያጠና ተመራማሪ በመዝገቡ ውስጥ የጎደሉ ቀናትን በግምት ሞልቶ ለመጀመር የሚገደደውም ለዚህ ነው።

ለዓመታት የሚከፍል ማን ነው? ታሪክ የሚሰጠው መልስ ግልጽ ነው። ካይሮ ውስጥ ሮዳ ደሴት ላይ ያለው የዓባይ ከፍታ መለኪያ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ861 የተሠራ ነው። ለዘመናት የተጠበቀው ገዥዎቹ የዓመቱን ግብር ከጎርፉ ከፍታ ጋር አያይዘው ስለሚወስኑ ነው። ከሶዶ ሩቅ ሳንሄድም ተመሳሳይ ነገር አለ። ሁምቦ ላይ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ጉቶው እንዲያቆጠቁጥ ተከልሎ ወደ ደንነት ተመልሷል፤ ፕሮጀክቱ በ2002 ዓ.ም. በዓለም አቀፉ የካርቦን ሥርዓት ተመዘገበ። ዛፎቹ ውፍረታቸው ተለክቶ፣ የያዙት ካርቦን ተሰልቶ፣ በውጭ መርማሪ ተረጋግጧል፤ ያለዚያ ክፍያ አይገኝምና። ከዚያው ተራራ ሥር ስለሚፈሰው ውሃ ግን እንዲህ ያለ ግዴታ አልነበረም። ደኑ ለምንጭና ለወንዝ ጠቀመ ሲባል ብዙዎች ያምኑታል፤ እኔም አምናለሁ። ነገር ግን ካርቦኑ በሰነድ ሲረጋገጥ ውሃው በምስክርነት ብቻ መቅረቱ ከገንዘብ ጋር የተያያዘ ነገር ብቻ እንደሚለካ ያሳያል።

ያልተለካው ውሃ ደግሞ አሁን ይበልጥ ውድ ሆኗል። ብላቴ ከጉራጌና ከስልጤ ከፍታዎች ተነሥቶ፣ ሐላባን አልፎ፣ በወላይታና በሲዳማ መካከል ወርዶ አባያ ይገባል። ሲዳማ በ2012 ዓ.ም. ክልል ሆነ። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ደግሞ የቀድሞው ደቡብ ክልል ሲከፈል ላይኛው ተፋሰስ ለማዕከላዊ ኢትዮጵያ፣ ወላይታ ለደቡብ ኢትዮጵያ ሆነ። ትናንት በአብዛኛው በአንድ ክልል ቢሮ ውስጥ ያልቅ የነበረ የውሃ ጉዳይ ዛሬ ቢያንስ የሦስት ክልል መንግሥታት ጉዳይ ነው። ላይ ያለው ተጨማሪ ፓምፕ ሲተክል፣ ታች ያለው በጥር ወንዙ ሲመነምን፣ ሰበቡ ፓምፑ ይሁን የዝናቡ ማነስ የሚለየው የቆየ መዝገብ ብቻ ነው። ጎርፍም እንደዚሁ ነው። በሰከንድ 2 ሜትር የሚጓዝ ጎርፍ 50 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 7 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። ሐላባ ቁሊቶ ላይ የታየ ቁጥር በስልክ ወደ ታች ከተላለፈ፣ በቆላው ያለ ሰው ከብቱን ለማውጣት ጊዜ ያገኛል። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. ኦሞ በታችኛው ሸለቆው ባለችው ዳሰነች ከ300 በላይ ሰዎችን ሲወስድ የጎደለው አንዱ ነገር ይህ ጊዜ ነበር።

«ወንዙን ገበሬው ከሁሉ በላይ ያውቀዋል» የሚል ክርክር ይነሣል። እውነት አለው፤ የት እንደሚሻገሩ፣ ደመናው የት ሲጠቁር ውሃ እንደሚመጣ ከነዋሪው የሚበልጥ አዋቂ የለም። ሆኖም የሰው ትዝታ ትልቁን ጎርፍ ያስቀምጣል እንጂ ያለ ወሬ የቀነሰውን የበጋ ፍሰት አይቆጥርም። የመስኖን ልክ የሚወስነው ደግሞ ያ ዝቅተኛው ፍሰት ነው። የሁምቦ ሰው ዕውቀት በላይኛው ተፋሰስ ሐዲያ ላለው ሰው ማስረጃ እንዲሆንም ሁለቱም የሚያምኑት ቁጥር መሆን አለበት።

ሌላው ክርክር ከሰማይ የሚመጣው ነው፤ ሳተላይት እያለ ሰሌዳ ለምን? በ2015 ዓ.ም. የተመነጠቀው ስዎት የተባለው ሳተላይት የወንዝና የሐይቅ ከፍታ ይለካል። ለአባያ ሐይቅ ይጠቅማል። ለወንዝ ግን የታቀደው 100 ሜትር ያህልና ከዚያ በላይ ስፋት ላላቸው ነው፤ የወላይታ ወንዞች አብዛኞቹ ከዚህ እጅግ ይጠብባሉ። ዝናብን ወደ ፍሰት የሚቀይሩ የኮምፒውተር ሞዴሎችም ልክነታቸው የሚፈተሸው በተለካ ፍሰት ነው። በራሱ የሚመዘግብ ሴንሰርስ? እሱ በእርግጥ ያስፈልጋል። ከዳሞታ የሚወርድ ድንገተኛ ጎርፍ በጠዋቱና በማታው ንባብ መካከል መጥቶ ሊያልፍ ይችላል። ግን ሴንሰሩም የሚሰጠው ከፍታን ነው። ደለል ሲሞላበት የሚጠርገው፣ ሰንጠረዡን የሚያድስለት ሰው ከሌለ ስሕተትን በየ15 ደቂቃው የሚመዘግብ ዕቃ ይሆናል።

ከሁሉ የሚከብደው ክርክር የገንዘብ ነው። ጠባብ መሬት ላይ ብዙ ሕዝብ በሚኖርበት ዞን፣ ቦይ ሳይቆፈር መዝገብ መያዝ ቅንጦት ይመስላል። ይሁን እንጂ ቦይ በሚቀጥለው ዓመት ሊቆፈር ይችላል፤ ያልተለካ ዓመት ግን ተመልሶ አይለካም። ኦሞ ከግድቡ በኋላ የሚያሳየው ፍሰት የግድቡን አሠራር ነው፤ የተፈጥሮ ፍሰቱን የሚነግረን ከዚያ በፊት የተያዘው መዝገብ ብቻ ነው። ድልድይና የመስኖ ጠለፋም ቢሆኑ በግምት አይሠሩም። በ100 ዓመት አንዴ ይመጣል የሚባል ጎርፍ በ30 ዓመት ውስጥ የመምጣት ዕድሉ 26 በመቶ ነው፤ የዚያን ጎርፍ መጠን ከአምስት ዓመት መዝገብ መተንበይ ደግሞ ከዕጣ ብዙም አይለይም።

ስለዚህ መፍትሔው ተጨማሪ ሰሌዳ ከመትከል ይልቅ ገንዘቡን ከቁጥሩ ጋር ማሰር ነው። ከብላቴም ሆነ ከገባሮቹ ውሃ ለመጥለፍ የሚቀርብ እያንዳንዱ ፕሮጀክት የወንዙን የተለካ ዝቅተኛ ፍሰት እንዲያቀርብ፣ ከበጀቱም ጥቂት መቶኛ ለአንባቢው ደመወዝና ለዓመታዊው ዳግም ልኬት እንዲመድብ ማስገደድ ይቻላል። ባለሙያ የለም አይባልም። የአርባ ምንጭ የውሃ ትምህርት ከ1979 ዓ.ም. ጀምሮ መሐንዲሶችን ያፈራል፤ ወላይታ ሶዶም ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ የራሱ ዩኒቨርሲቲ አለው። ተማሪዎቻቸው ከክረምት በኋላ ወንዙን ቢለኩ ትምህርትም ሥራም ይሆናል። ቁጥሩ ደግሞ ወንዙን ለሚጋሩት ክልሎች ሁሉ እኩል ክፍት መሆን አለበት፤ አንዱ ብቻ የያዘው መዝገብ ሌላውን አያሳምንምና። ግድቡ ውሃውን የሚቆጥረው እያንዳንዱ ሜትር ኩብ ኤሌክትሪክ ስለሆነለት ነው። ለብላቴ ገበሬ እያንዳንዱ ሜትር ኩብ በቆሎና ስኳር ድንች ነው፤ የጎደለው ይህንን ሒሳብ ውስጥ የሚያስገባ ደንብ ነው።