የጭቃ ግድግዳ የሲሚንቶ ልስኑን ለምን ይጥላል?

እንደሚታወቀው በአዲስ አበባም ሆነ በሌሎች የአገራችን ከተሞች በርካታ ቤተሰብ የሚኖረው በባሕር ዛፍ ቋሚና ማገር ቆሞ፣ ጭድ በተቀላቀለበት ጭቃ ተመርጎ፣ ቆርቆሮ በለበሰ አሮጌ ቤት ውስጥ ነው። እንዲህ ያለ ቤተሰብ ጥቂት ገንዘብ አጠራቅሞ የቤቱን ውስጥ ለማደስ ሲነሳ በቅድሚያ የሚያስበው ግድግዳውን በሲሚንቶ ማስለሰን ነው። እኔም ዶክትሬቴን ጨርሼ ከውጭ አገር በተመለስኩ ዓመት በእናቴ ቤት ያደረግሁት ይህንኑ ነበር። ሁለት ክረምት ሳይሞላው የሳሎኑ ልስን ከወለሉ እስከ ወገብ ድረስ አብጦ ወደቀ። ለሳኙ በአሸዋው አመካኘ፤ ጎረቤቶች ሲሚንቶው አንሷል አሉ። ጥፋቱ ግን የእኔ ነበር፤ በየዓመቱ ለተማሪዎቼ የማስተምረውን ስሌት ለእናቴ ግድግዳ አልሠራሁትም።

ውኃ በቀጭን ቀዳዳ ውስጥ ወደ ላይ የሚወጣው በገጽ ውጥረት ምክንያት ሲሆን፣ ቀዳዳው በጠበበ መጠን የሚደርስበት ከፍታ ይጨምራል። የቀዳዳው ራዲየስ 0.01 ሚሊ ሜትር ቢሆን ውኃው በስሌት 1.5 ሜትር ያህል ሊወጣ ይችላል። በጭቃ ውስጥ ደግሞ ከዚህ የጠበቡ ቀዳዳዎች አሉ። ታዲያ አሮጌው ግድግዳ ይህን ያህል ዘመን እንዴት ደረቅ ሆኖ ቆየ? ከመሬት የሚወጣው ውኃ በግድግዳው ገጽ በኩል ስለሚተን ነው። እርጥበቱ የሚቆመው ከታች የሚገባውና በገጹ የሚተነው መጠን በሚመጣጠኑበት ከፍታ ላይ ነው። ሲሚንቶ ትነቱን ሲያዳክመው ይህ ሚዛን ወደ ላይ ይሸሻል፤ ጉልበት ላይ ይቆም የነበረው እርጥበት ወገብ ይደርሳል። በተጨማሪም ጭቃ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ግትሩ ሲሚንቶ ግን አብሮት መንቀሳቀስ ስለማይችል ይላቀቃል። በጣት አንጓ መታ መታ ሲያደርጉት የባዶ ዕቃ ድምፅ የሚሰጠው ልስን እንዲህ የተላቀቀው ነው።

ልስን ቢወድቅ ገንዘብ ነው። የሚያሳስበው ከልስኑ ጀርባ ያለው ቋሚ ነው። እርጥበት ውስጥ የከረመ ባሕር ዛፍ ለመበስበስና ለምስጥ ይጋለጣል፤ ጣሪያውን የተሸከመው ደግሞ እርሱ ነው። የእናቴ ሳሎን ልስን ሲነሳ ከቋሚዎቹ አንዱ በእጅ የሚፈረፈር ሆኖ አገኘነው።

ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ ውኃውን ከግድግዳው ሥር ማራቅ ይገባል። 60 ካሬ ሜትር ስፋት ባለው ቆርቆሮ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢዘንብ 1,800 ሊትር ውኃ ይወርዳል፤ አሸንዳ ከሌለ የሚያርፈው እዚያው ግድግዳው ሥር ነው። የሳሎን እድሳት የሚጀምረው እንግዲህ ከደጅ፣ ከአሸንዳውና ከውኃ ማፍሰሻው ቦይ ነው። ከዚያ የተላቀቀው ልስን ተነስቶ፣ ቋሚዎቹ ተመርምረው፣ ግድግዳው በጋውን ሲደርቅ ይቆይና በጭቃና በጭድ ተመርጎ ኖራ ይቀባል። የዘይት ቀለም ያምራል፤ ነገር ግን እንደ ሲሚንቶው ትነትን ይገታል። ኖራ ነጭ መሆኑም ሌላ ጥቅም አለው። የክፍሉ ገጾች በአማካይ ግማሹን ብርሃን የሚያንጸባርቁ ከሆነ በእነርሱ ላይ የሚያርፈው ጠቅላላ ብርሃን በመስኮት ከገባው 2 እጥፍ ያህል ሲሆን፣ አማካዩ 70 በመቶ ሲደርስ ከ3 እጥፍ ያልፋል።

ገንዘብ ከተረፈ ለኮርኒስ ቢውል ይመረጣል። ፀሐይ የመታው ቆርቆሮ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢደርስ፣ በስቴፋንና ቦልትዝማን ሕግ መሠረት በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ወደ 700 ዋት የሚጠጋ ጨረር ወደ ታች ይለቃል፤ 22 ዲግሪ ከሆነው ክፍል መልሶ የሚቀበለው 430 ዋት ገደማ ብቻ ነው። ስሌቱ ለፍጹም ጥቁር አካል ቢሆንም የዛገ ቆርቆሮ ከዚያ ብዙ አይርቅም። በመካከል አንድ ስስ ልባስ ቢወጠር፣ ልባሱ የተቀበለውን ኃይል ወደ ላይም ወደ ታችም ስለሚረጭ የጨረሩ ልውውጥ በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ዋናው የልባሱ መኖር እንጂ ውፍረቱ አይደለም። ችፑድ መግዛት ላልቻለ ዛሬ የሚናቀው የአቡጀዲ ኮርኒስም ይህን ሥራ ይሠራል፤ የኤሌክትሪክ ሽቦና አምፖል እንዳይነካው ብቻ ጥንቃቄ ያሻል።

እናቴ የሳሎኑን ኖራ ወዳዋለች። የፊት ለፊቱን የሲሚንቶ ልስን ግን «እንግዳ የሚያየው እርሱን ነው» ብላ እንዲነሳ አልፈቀደችም። በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ ማስመሪያ ይዤ ስንጥቁን እለካለሁ።