ጠፈርተኛም ምች ይመታዋል

ጠፈርተኛ ተመርጦና ተመርምሮ፣ በታሸገ መንኮራኩር ስለሚኖር አይታመምም የሚሉ ብዙ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1968 የአፖሎ 7 አዛዥ ዋልተር ሺራ በበረራ ላይ ሳለ ብርቱ ጉንፋን ያዘው። ክብደት በሌለበት ንፍጥ ወደ ታች አይወርድም፤ እዚያው ተጠራቅሞ ይደፍናል። ሺራና ባልደረቦቹ የራስ ቁር ካጠለቁ መናፈጥ እንደማይችሉና ጆሯቸው እንደሚጎዳ በመስጋት፣ ምድር ካሉት አለቆች ጋር ተነታርከው ያለ ቁር ወረዱ።

«የሰውነትን በሽታ መከላከያ የሚያደክመው ጭንቀትና እንቅልፍ ማጣት ነው እንጂ፣ ክብደት ማጣት ለሴል ምኑ ነው?» የሚለውስ? ግማሽ እውነት ነው። ግን ሣህን ላይ ያለን ሴል ምን ያስጨንቀዋል? በ1983 አውጉስቶ ኮጎሊ ባዘጋጀው ሙከራ የሰው ሊምፎሳይቶች (በሽታ የሚዋጉ ነጭ የደም ሴሎች) በኮሎምቢያ መንኮራኩር ወጡ፤ የሚቀሰቅሳቸው ንጥረ ነገርም ተጨመረባቸው። ምድር ላይ ቢሆን ነቅተው ይባዛሉ። እዚያ ግን ንቃታቸው ከ90 በመቶ በላይ አሽቆለቆለ።

በ2006 የሚሊ ሂዩዝ-ፉልፎርድ ቡድን በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ቲ ሴሎች የተባሉ ሊምፎሳይቶችን ለሁለት ከፈለ። ከፊሎቹ እንዲሁ ተንሳፈፉ፤ ከፊሎቹ በሚሽከረከር መሣሪያ ውስጥ የምድርን ያህል ክብደት ተሰጣቸው። የተሽከረከሩት በወጉ ሲነቁ፣ የተንሳፈፉት ብዙ የማንቂያ ጂኖቻቸውን ሳያበሩ ቀሩ። ጣቢያውም ጉዞውም አንድ ነው፤ የተለየው ክብደት ብቻ።

ታዲያ መከላከያው ጠፈር ላይ ድራሹ ይጠፋል? ይህም ማጋነን ነው። 340 ቀን በጣቢያው የቆየው ስኮት ኬሊ እዚያው የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ተወግቶ፣ ሰውነቱ ምድር ላይ እንደቀረው መንትያ ወንድሙ ምላሽ ሰጥቷል። መከላከያው ይላላል እንጂ አይፈርስም።

መላላቱን የሚያሳብቁት በሰውነት ውስጥ አድፍጠው የኖሩ የሄርፒስ ቫይረሶች ናቸው። ናሳ በአጭር የመንኮራኩር ጉዞ ከመረመራቸው 89 ጠፈርተኞች በ47ቱ፣ በጣቢያው ከቆዩት 23 ደግሞ በ14ቱ ምራቅ ወይም ሽንት ውስጥ ተገኝተዋል። ከእነዚህ አንዱ አልማዝ ባለጭራን፣ ሌላው እኛ ምች የምንለውን የከንፈር ቁስል የሚያመጣው ነው። (ፀሐይና የምግብ ሽታ ነው የሚያመጣው ለሚሉ፣ ቫይረሱ ቀድሞ ውስጣቸው ነበር።) ሕመም የተሰማቸው ግን 6 ብቻ ናቸው፤ እሱም ቀላል።

ውስጥ ያደፈጠውን ባያስቀርም፣ እንደ ሺራ ጉንፋን ያለ አዲስ በሽታ ይዘው እንዳይወጡ ዛሬ ጠፈርተኞች ከመነሣታቸው በፊት ለሁለት ሳምንት ያህል ከሰው ተለይተው ይቆያሉ።