ያውቁ ኖሯል? ስብም ቁጥር አለው!

በሲቲ ስካን ስሌት ውሃ ዜሮ ነው! አየር ከዜሮ በታች 1000፣ ስብ ደግሞ ከዜሮ በታች 100 ገደማ! ሐኪሙ ስክሪኑ ላይ ከአንድ እጢ ምስል መሃል ትንሽ ክብ ያሳርፋል፤ ቁጥሩ ወዲያው ብቅ ይላል!

መለኪያው የሚጠራው በእንግሊዛዊው መሐንዲስ በጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ ስም ነው። ይሠራ የነበረው የት መሰለዎት? የቢትልስን ሸክላዎች ባሳተመው በኢኤምአይ! ሐኪም ሳይሆን እ.ኤ.አ. በ1979 የሕክምና ኖቤልን ተጋራ!

ከኩላሊቶችዎ አናት ላይ የተቀመጡትን ሁለት አድሬናል እጢዎች ያውቋቸዋል? ክብደታቸው እያንዳንዳቸው 5 ግራም ገደማ ብቻ! ኮርቲሶልን የሚሠሩት ደግሞ ብዙዎቻችን ከምንፈራው ከኮሌስትሮል ነው!

ሰው ለሆድ ሕመም ሲቲ ስካን ይነሣል፤ ሳይታሰብ አድሬናሉ ላይ እብጠት ይገኛል። ድንጋጤ! ቁጥሩ 10 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ግን እብጠቱ ስብ የቋጠረ፣ አብዛኛውን ጊዜም ካንሰር ያልሆነ ነው። ይህን ለማወቅ መርፌ የለ፣ ቢላ የለ! ስብ የምሥራች ሲሆን አይተው ያውቃሉ?

እዚያው አድሬናል ላይ የሚበቅል ሌላ ጉደኛ እብጠት አለ። ውስጡ ስብና ደም የሚሠራ መቅኔ ነው። አጥንት በሌለበት መቅኔ!

የሕፃን ደረት ራጅ ላይ ከልብ በላይ ሰፊ ጥላ ይታያል። በሽታ አይደለም፤ ታይመስ የሚባለው እጢ ነው! ዕድሜ ሲገፋ እጢው እየሟሸሸ ቦታውን ለስብ ይለቃል።

ትልቁ እጢዎ ጉበትዎ ነው፤ ኪሎ ተኩል ገደማ! ጤነኛ ጉበት በሲቲ ስካን ከጣፊያ ይነጣል። ስብ ሲገባበት ይጠቁራል። ስቡ ከበዛማ የደም ሥሮቹ ያለ ምንም ማቅለሚያ መድኃኒት በጉበቱ ላይ ነጭ ሆነው ይታያሉ!

በርሊናዊው ቀዶ ሐኪም አልበርት ሳሎሞን እ.ኤ.አ. በ1913 በቀዶ ሕክምና የወጡ 3000 ያህል ጡቶችን በራጅ መርምሮ ነበር። ማሞግራፊ የሚባለው የጡት ራጅ ገና ስም እንኳ ሳይወጣለት!

በማሞግራፊ ስብ ጥቁር፣ የእጢው ሥጋ ነጭ ነው። ክፋቱ ካንሰርም ነጭ ነው! ነጭ በነጭ ውስጥ ይደበቃል። አሜሪካ ውስጥ ከመስከረም 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተመርማሪዋ የጡቷ እጢ ጥቅጥቅ ያለ መሆን አለመሆኑ እንዲነገራት ደንብ ያስገድዳል። የጥቅጥቅነት ደረጃዎቹ አራት ናቸው። ማሞግራፊ ከተነሡ የእርስዎ የትኛው እንደሆነ ሐኪምዎን ይጠይቁ!